ለሒሳብ ዐዋቂው ዋስ የሚሆነው ማነው?

በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ በባሕር ዳር ከቅዳሜ ገበያ እስከ ፔዳ ባሉት መደብሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ይጀመራል። ባለሱቁ የዓመቱን ደረሰኝ ከመሳቢያና ከካርቶን አውጥቶ፣ የገባውንና የወጣውን በፌስታል አስሮ፣ ሒሳብ ይሠራልኛል ብሎ ለሚያምነው ሰው ያስረክባል። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከሙያ ማሠልጠኛ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተመርቆ፣ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት እየዋለ ማታ ማታ የአምስትና የስድስት ሱቅ መዝገብ የሚይዝ ነው። ባለሱቁ ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ ዋስ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ያዥ ሲቀጥር ተያዥ ያስጠራል፤ ዕቁብ ሲወጣለትም ራሱ ዋስ ያቆማል። የዓመት ድካሙን፣ ግብሩንና ስሙን ጠቅልሎ ለሚያስረክበው ለዚህ ሰው ግን ዋሱ ማነው ብሎ ሲጠይቅ እምብዛም አይሰማም።

መዝገብ የመያዝ ግዴታ ለኢትዮጵያ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የንግድ ሕግ፣ ከጥቃቅን ነጋዴዎች በቀር ማንኛውም ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር። ያ ሕግ ስድሳ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲተካ ግዴታው አልቀረም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ነጋዴውን በገቢው መጠን በየደረጃው ከፍሎ፣ ከፍ ባለው ደረጃ የሚገኘው የተሟላ መዝገብ እንዲያቀርብ ደንግጓል፤ የደረጃዎቹ ወሰን በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ቢለወጥም የአዋጁ መንፈስ ያው ነው። ከዚህም በላይ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ሲወጣ፣ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ በመጀመሪያ ለባንኮችና ለመድን ድርጅቶች፣ ቀጥሎም በየተራ ለሌሎች ድርጅቶች እንዲደርስ ተወሰነ። እንግዲህ ሕጉ ለነጋዴው «መዝገብ ያዝ» ይለዋል፤ መዝገቡን የሚይዝለትን እጅ ግን ነጋዴው ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ያ እጅ ቢሳሳት ወይም ቢያጭበረብር፣ ለግብሩ ልዩነትና ለቅጣቱ በመጀመሪያ የሚጠየቀው በንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ የተጻፈው ነጋዴ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በባሕር ዳር ሲወራ «ፔዳ እያለልን ምን ይቸግረናል?» የሚሉ አሉ። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። ፔዳ የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተከፈተው ከፔዳጎጂ አካዳሚ የተረፈ ነው፤ አካዳሚው ኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተቋቋመው ከፖሊቴክኒክ ጋር በ1992 ዓ.ም. ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መምህር ለማፍራት የታሰበው ግቢ ዛሬ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ተማሪዎችንም ያስተናግዳል፤ በየዓመቱም በሒሳብ ትምህርት የተመረቁ ልጆችን ያወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና አልፎ ካልሆነ አይመረቅም። ወደ ሙያ ማሠልጠኛ የገባውም የብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለበት። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው።

ይሁን እንጂ ዲግሪና የሙያ ምስክርነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዲግሪ ማለት አንድ ሰው በአንድ ዘመን አንድን ትምህርት ተምሮ ፈተናውን ማለፉን የሚናገር ወረቀት ነው። ያ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የተለወጠውን ሕግ ይከታተል እንደ ሆነ፣ የደንበኛውን ምስጢር ይጠብቅ እንደ ሆነ፣ በሁለት ወገን ገንዘብ ይቀበል እንደ ሆነ ወረቀቱ አይናገርም፤ ሰውየው ቢያጠፋም ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን መልሶ አይወስድበትም። የሙያ ማኅበር ግን ሌላ ነው። አባሉን ከመቀበሉ በፊት ይፈትናል፤ በሥራ ላይ ቆይቶ ልምድ ማግኘቱን ያያል፤ ከተቀበለውም በኋላ በየዓመቱ ትምህርቱን ማደሱን ይጠይቃል፤ ክስ ሲቀርብበት ይመረምራል፤ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ከመዝገብ ይሠርዘዋል። ለዚህ አሠራር ነጋዴው ባዕድ አይደለም። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን አያገኝም፤ ያልከፈለ ይቀጣል፤ እምቢ ያለ ይወጣል፤ ከአንድ ዕቁብ የወጣውንም ሌላው ዕቁብ ጠይቆ ካልተረዳ አይቀበለውም። የሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበርም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም።

በዓለም ላይ የዚህ ዓይነቱ ማኅበር ታሪክ ከስኮትላንድ ይጀምራል ቢባል ስሕተት አይሆንም። የኤዲንበርግ ሒሳብ ዐዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ1854 ከንግሥት ቪክቶሪያ ቻርተር ተቀበሉ፤ «ቻርተርድ» የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚያ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ተመሳሳዩ ማኅበር በ1880 ቆመ። እነዚህ ማኅበሮች ክብርን እንዳመጡ ሁሉ በርም ዘግተዋል፤ ሜሪ ሐሪስ ስሚዝ የተባለች የሎንዶን ሒሳብ ዐዋቂ የራሷን ቢሮ ከፍታ ስትሠራ ኖራ፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ተከልክላ፣ በእንግሊዙ ማኅበር አባል የሆነችው በ1920 ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ተማሪዎች የሚፈተኑበት «ኤሲሲኤ» የተባለው ማኅበር ደግሞ በ1904 በሎንዶን የተመሠረተው በሩን ሰፋ አድርጎ ለመክፈት ታስቦ ነበር። የእርሱ አባል ለመሆን እስከ 13 ፈተናዎች ማለፍ፣ የሥነ ምግባር ትምህርት መጨረስና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ማሳየት ያስፈልጋል። ክፍያው በፓውንድ በመሆኑ ግን ለፔዳ ተማሪ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ስለ ውጭ ምንዛሪ ለአስመጪ መንገር ደግሞ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ሐሳብ ባዶ ሆና አልኖረችም። የኢትዮጵያ የሒሳብ ዐዋቂዎችና ኦዲተሮች የሙያ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ጊዜው ግን አልተመቸውም፤ በዓመቱ አብዮቱ መጣ፤ ታላላቆቹ የግል ድርጅቶችም ተወረሱ። የተወረሱትን ድርጅቶች ሒሳብ እንዲመረምር እ.ኤ.አ. በ1977 የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። የግል ነጋዴ ሲዳከም የግል ሒሳብ መርማሪም አብሮ መዳከሙ የማይቀር ነው፤ ማኅበር የሚጠነክረው አባሉ የሚበላው እንጀራ ሲኖረው ነውና። ኋላም የግል ኦዲተሮችንና ሒሳብ ዐዋቂዎችን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ሆኖ ቆየ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 እና ቦርዱን ባቋቋመው ደንብ ቁጥር 332/2007 መሠረት ይህ ሥልጣን ለኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተላለፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረውን ነገር መለየት ተገቢ ነው። ቦርዱ የመንግሥት አካል ነው፤ ደረጃ ያወጣል፣ ይመዘግባል፣ ይቆጣጠራል። ማኅበር ደግሞ የባለሙያዎቹ የራሳቸው ነው፤ ያስተምራል፣ ይመክራል፣ ይገሥጻል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም። ማኅበር ብቻውን ሲተው ምን እንደሚሆን በአሜሪካ ታይቷል። ኤንሮን የተባለው የኃይል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ሲከስር፣ ሒሳቡን ይመረምር የነበረው አርተር አንደርሰን በ1913 የተመሠረተና በዓለም ዙሪያ 85,000 ያህል ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት ነበር። በ2002 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለና ፈቃዱን መለሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 ፍርዱን ቢሽረውም የሚመለስ ድርጅት አልነበረም። በዚያ ቤት የነበሩት ሒሳብ መርማሪዎች ምስክር ወረቀት የጎደላቸው ሰዎች አልነበሩም። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው በ2002 ሕግ አውጥቶ ኦዲተሮችን ከውጭ ሆኖ የሚቆጣጠር ቦርድ ያቋቋመው ስለዚህ ነው። በአንጻሩም ቦርድ ብቻውን ቢሆን፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ በጣና ዳር ያለውን የእያንዳንዱን ሱቅ መዝገብ ያዥ ማየት የሚቻለው አይሆንም። ሥራው ሁለት በሬ የሚጠይቅ ነው።

ጎረቤቷ ኬንያ ያደረገችው ልብ ሊባል ይገባል። የሒሳብ ፈተና የሚሰጠው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም፣ የባለሙያዎቹ ማኅበር በሕግ የቆመው በ1978 ነው። ፈታኙና ማኅበሩ በመለያየታቸው፣ አባላቱ የራሳቸውን ገበያ ለመጠበቅ ሲሉ ፈተናውን ያከብዳሉ የሚለው ሐሜት ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ነው፤ ለባለሱቅና ለአስመጪ ምን ያገባዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከቅርብ ጊዜ አንድ ምሳሌ ማንሣት ይበቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃ በአቅራቢ ብድር አስገብቶ 20,000 ዶላር ገና ያልከፈለ አንድ አስመጪ ነበር እንበል። ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. መዝገቡ ሲዘጋ ዕዳው 1,140,000 ብር ነበር። በጥቅምት ወር ሒሳቡ ተሠርቶ ለግብር ሲቀርብ ግን ያው ዕዳ በ100 ብር ቢታሰብ እንኳ 2,000,000 ብር ሆኗል። የ860,000 ብሩ ልዩነት በየትኛው ዓመት መዝገብ ይግባ?

ያልተማረ ወይም የተማረውን ያላደሰ መዝገብ ያዥ፣ በፊቱ ያለውን የጥቅምት ዋጋ አይቶ ኪሣራውን በ2016 ዓ.ም. ሒሳብ ላይ ሊጭነው ይችላል። ደንበኛው ትርፉ ስላነሰለት ለጊዜው ደስ ይለዋል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ግን በባዕድ ገንዘብ ያለ ዕዳ መዝገቡ በተዘጋበት ቀን ዋጋ እንዲታሰብ ያዝዛል፤ የዋጋው ለውጥ የመጣው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ነውና የ2017 የበጀት ዓመት ጉዳይ ነው። በ2016ቱ ሒሳብ ላይ የሚገባው ቁጥር ሳይሆን፣ ልዩነቱ ከባድ ከሆነ፣ ነገሩ መድረሱን የሚገልጽ ማስታወሻ ነው። መዝገብ ያዡ ይህን ባለማወቁ የተሳሳተ እንደ ሆነ የግብር ሰብሳቢው መርማሪ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይደርስበታል፤ ግብሩም ይታደሳል፤ ወለዱና ቅጣቱም ይከተላል። በዚያን ጊዜ ወጣቱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሣም። የሚከሰስበት ማኅበር የለውም፤ የሚሰረዝበት መዝገብም የለውም። ፌስታሉ ብቻ ከባለሱቁ ዘንድ ቀርቷል።

ሰሊጥና ኑግ ወደ ውጭ የሚልከውም ነጋዴ ከዚህ አያመልጥም፤ ዕቃውን በአንድ ዋጋ ተዋውሎ፣ በሌላ ዋጋ ጭኖ፣ ገንዘቡን በሦስተኛ ዋጋ ይቀበላልና። ለባለሱቁም ቢሆን ከምንዛሪ ይልቅ የሚያስቸግረው የመሳቢያው ጉዳይ ነው። ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለዘመድ ለቅሶ፣ ለቤት ኪራይ ከሱቁ መሳቢያ የወጣው ገንዘብ የንግድ ወጪ ተብሎ ሲጻፍ የኖረበት መደብር ጥቂት አይደለም። ብድር ለመጠየቅ ወደ ባንክ ሲሄድ፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ትርፍ ለቤቱ ሽሮ እንኳ የማይበቃ ሆኖ ይገኛል። ባንኩም ያን አይቶ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ የማይወደድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ ቅንነት አይሆንም። ነጋዴው ብርቱ ሒሳብ ዐዋቂ ያላገኘው በማጣት ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ስላልፈለገ ነው። አንዱን መዝገብ ለግብር፣ አንዱን ለራሱ የሚያስይዝ ነጋዴ፣ የማኅበሩን ቅጣት የሚፈራ ባለሙያ ቀጥሮ ምን ያደርገዋል? ለእንደዚህ ያለው ሰው የሚሻለው ያዘዙትን የሚጽፍ፣ በዋጋም የሚረክስ ልጅ ነው። ይህ ንግድ ምክር ቤቶች በየጊዜው የሚያሰሙትን ቅሬታ ያዳክማል። ግብር ሰብሳቢው መዝገባችንን ጥሎ በግምት ይወስንብናል የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ የተሰማና እውነትም ያለበት ነው፤ ይሁን እንጂ መዝገቡን የጻፈው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ በምን እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ መዝገቡ ይከበርልን ማለት አስቸጋሪ ነው። የታወቀ ማኅበር አባል ፊርማ ያለበት ሒሳብ ሲቀርብ ግን ግብር ሰብሳቢው ጥሎ ለመገመት ምክንያት ያጣል፤ ቢጥለውም ነጋዴው በይግባኝ ሲቆም የሚደገፍበት ነገር ይኖረዋል።

ሌላው መቃወሚያ የዋጋ ነው፤ ይህኛው የሚገባ መቃወሚያ ነው። የተመሰከረለት ኦዲተር ለአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ሙሉ ሥራ ይሥራ ቢባል ክፍያው የመደብሩን ትርፍ ይውጠዋል። መፍትሔው ግን ምስክርነትን መተው ሳይሆን በደረጃ መክፈል ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1980 የሒሳብ ቴክኒሺያኖች ማኅበር የተባለ ለብቻው የቆመው፣ የዕለት መዝገብ የሚይዘውና የአነስተኛ ድርጅት ሒሳብ የሚዘጋው ሰው እንደ ከፍተኛ ኦዲተር ሳይፈተን፣ ግን ያለ ፈታኝና ያለ ተቆጣጣሪም እንዳይቀር ነው። ለባሕር ዳር የሚስማማው የዚህ ዓይነቱ መካከለኛ ደረጃ ነው። ፈተናውም በአማርኛ ቢሰጥ ተገቢ ይሆናል፤ ባለሱቁ የሚጽፈው ደረሰኝ፣ የሚሞላው የግብር ቅጽ፣ የሚከራከርበትም ችሎት በአማርኛ ሆኖ ሳለ መዝገብ ያዡ ብቻ በእንግሊዝኛ የሚፈተንበት ምክንያት አይታይም። የሒሳብ ደረጃዎቹ ምንጭ እንግሊዝኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ለኦዲተርነት የሚፈልገው ያንን ይማር፤ የሱቅ ሒሳብ ግን ያን ያህል አይርቅም።

የመፈተኛውም ስፍራ እንዲሁ መታሰብ አለበት። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ መንገዱም በየጊዜው እንደ ልብ አያስኬድም። አዳራሽ፣ መምህራንና ኮምፒዩተር ያለው ግቢ በፔዳ ቆሞ ሳለ፣ ተፈታኙ ለአንድ ወረቀት የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ እንዲሄድ ማድረግ የሀብታም ልጆችን ብቻ መምረጥ ነው። የከተማው የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትም በአዋጅ ቁጥር 341/1995 መሠረት የተደራጀው የአባላቱን ጥቅም ለማስጠበቅ ነውና፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከቦርዱና ከሙያ ማኅበሩ ጋር ተቀምጦ የፈተና ጣቢያ በባሕር ዳር እንዲቆም መጠየቅ ከሥራው ውጭ አይደለም። ባለሱቆቹም በበኩላቸው በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ዐሥር ያህል መደብሮች ሆነው አንድ የተመሰከረለት ባለሙያ በጋራ ቢይዙ፣ የዕለቱን ጽሕፈት ወጣቱ ይሠራል፤ ባለሙያው በየሦስት ወሩ ያየዋል፤ የሚያርመውንም ያርማል። ክፍያው ለዐሥር ሲካፈል የማይቻል አይሆንም። ስምና የምዝገባ ቁጥር ያለበት የባለሙያዎች ዝርዝርም በምክር ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ለዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልግም።

ለወጣቱ ሒሳብ ዐዋቂም ቢሆን ነገሩ ሸክም ብቻ አይደለም። ዛሬ ደንበኛው «ይህን ደረሰኝ አታስገባው»፣ «ይህን ወጪ ጨምርበት» ሲለው እምቢ ካለ ሥራውን ያጣል፤ በማግሥቱ ሌላው ተመራቂ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ብቻውን ነውና አቅም የለውም። የማኅበር አባል የሆነ ዕለት ግን «ይህን ብጽፍ ስሜ ይሠረዛል» ብሎ የሚመልሰው መልስ ይኖረዋል፤ በሩ ላይ የሚጠብቀውም ሌላው ተመራቂ ያው መልስ ያለው ይሆናል። ለዚህ የሚከፍለው የዓመት መዋጮ ዛሬ ከአንድ ሱቅ ከሚያገኘው ክፍያ ባይበልጥ ይመረጣል።